ፊዚክስ ማወቅና ፊዚክስ ማስተማር

ሰቆጣ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሙያውን እንዴት ተማረ? መልሱ እንደተመረቀበት ዘመን ይለያያል። ቀድሞ ፊዚክሱንና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን ይማር ነበር። «ምሩቃኑ የትምህርት ይዘቱን በደንብ አያውቁም» የሚል ቅሬታ ሲበዛ፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ አካሄዱ ተለወጠ፦ መጀመሪያ በፊዚክስ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፤ በተለምዶ «ፒጂዲቲ» የምንለው።

ልብ በሉ፣ ይህ ማስተርስ አልነበረም። ፊንላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ለመምህርነት ማስተርስ ዲግሪን መስፈርት አድርጋለች።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዋግ ኽምራ ቤቱ ኽምጥኛ የሚናገር ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘዋል። መምህሩ ቀመሩን ማወቁ ግድ ነው፤ ግን ልጁ የቱ ጋ እንደጠፋበት ካልገባው ዕውቀቱ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ይህን መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጊዜ ሰጥተው፣ ክፍል ውስጥ እየተለማመዱ የሚማሩት።