ሴባስቶፖል ፈነዳ ወይ?

«ሴባስቶፖል በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ» ሲባል ያልሰማ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ታሪኩ ያምራል፣ ያሳዝናልም። ችግሩ ሴባስቶፖል አለመፈንዳቱ ነው። ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው። አሮጌ ላይ የፈነዳው ሌላ መድፍ ነው፤ ስሙም «ቴዎድሮስ» ይባል ነበር።

እስቲ ከጋፋት እንጀምር። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚህች ስፍራ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስፍረው ነበር። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ግን መድፍ ስጡኝ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። መዳብ የሚያቀልጥ እሳት ምድጃውንም ይፈታተናል፤ ጭቃው ካልቻለው ብረቱ ሳይፈስ ምድጃው ይፈርሳል። ቢከሽፍም እንደገና ሞከሩ። በትንንሽ ጀምረው፣ እየተኮሱ እያዩ፣ ወደ ትልልቁ ሄዱ። እኛ ከጋፋት ታሪክ ሁሉ የምንወደው ይህንን ነው፤ የሚከሽፍ ነገር በጊዜ ሲከሽፍ ትምህርት ይሆናል፣ ጋፋት ላይ ደግሞ ጊዜ ነበረ።

ከዚያ ሴባስቶፖል መጣ፤ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን። (70 ቶን የሚሉም አሉ፤ ኩንታሉ በመንገድ ላይ ቶን ሆኖባቸው መሆን አለበት።) በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በጋሪ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጨጨሆን፣ ዋድላን፣ የጅዳን ገደል፣ በሽሎን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። መንገድ የለም፤ እየቆረጡ መሄድ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ ይስባል፣ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ አሮጌ ሜዳ ላይ ሲወርዱ መድፎቹ ከፋላ ኮረብታ መተኮስ ጀመሩ። ትልቁ «ቴዎድሮስ» ከልክ በላይ ባሩድ ጎርሶ ገና በመጀመሪያው ፈነዳ። ገብርዬ ወደቁ፤ ወገን በስናይደር ጥይት አለቀ።

አሮጌ የስፖርት መኪና ይዞ የውድድር ሜዳ የሚገባ ሰው ሞተሩ ሲነክስበት መጀመሪያ ፋብሪካውን ይረግማል። ጋራዥ ሄዶ ሞተሩ ሲወርድ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዘይት ነበረው ወይ? ሙቀቱ ሲወጣ አቆምክ ወይስ ረገጥከው? በመድፍም ያው ነው። ባሩዱ ሲበዛ በውስጡ ያለው ግፊት ይበዛል፤ በቀረጻው ጊዜ አየር የቋጠረች ትንሽ ቀዳዳ ካለች ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል። ስለዚህ ጥፋቱን በጋፋት ባለሙያዎች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። የዚያን ቀን እጅ የከበደው በባሩዱ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ሴባስቶፖል ሞርታር ነው፤ ወደ ላይ ወርውሮ ከላይ የሚጥል፣ ግንብ ለመስበር የሚበጅ። በሜዳ ተበታትኖ የሚተኩስ እግረኛ ላይ ምን ይሠራል? በደንብ ቢተኮስም የዚያን ቀን ውጤት ይለውጥ ነበር ለማለት ይቸግረናል።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞቹ መቅደላን አቃጥለው፣ መድፎቹን ሰባብረው፣ መጻሕፍቱንና ዘውዱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ተመለሱ። ሴባስቶፖልን ግን እዚያው ትተውት ሄዱ።