ባዶው ማሽን የሚያውቀው ፊደል

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያ ፈተናው ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ማውጣት ነው። በሀዲያዋ ከተማ በሆሳዕና ይህች ቀላል ሙከራ ታሪክ ትቀሰቅሳለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ያኔ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ወደ ላቲን ዞሩ። ስለዚህ ዛሬ ባዶው ማሽን የሀዲይኛን ቃል ወዲያው ያሳያል፤ የዚያኑ ተማሪ የአማርኛ ቃል ግን አያውቀውም። የትኛው ጽሕፈት ይሻላል የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚገርመኝ ማሽኑ አስቀድሞ ወገን መያዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው አይቢኤም ፒሲ የፊደሎቹ ቅርጽ በቺፕ ውስጥ ተቀርጾ፣ ቦታውም በ256 ተወስኖ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ላቲኑ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «አጋፋሪ» የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የታገሉት ከዚህ ጥበት ጋር ነው። ወደ ማሽኑ ሥር መውረድ ለአማርኛ ቅንጦት አልነበረም ማለት ነው፤ አማርኛ ወደ ኮምፒውተር የገባው በዚያው በር ነው።

«ይህ ሁሉ በዩኒኮድ አልቋል» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለፊደላችን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ቁጥር ግን መልክ አይደለም። መልኩን የሚያመጡት ከላይ የተደራረቡት ፕሮግራሞችና ፎንቶች ናቸው፤ እነሱ ሲነሱ ያው የድሮው ጥበት ይመለሳል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሥራ ፈላጊ ወጣት ድረ ገጽ መሥራትን ትቶ ይህን ለምን ይማራል? ትቶ ይማር አላልኩም። ድሮ ለዚህ ትምህርት የሚበላሽ ሁለተኛ ማሽን ያስፈልግ ስለነበር ወጪው ተቃውሞውን እውነት ያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፋብሪስ ቤላርድ ያወጣው ኬሙ ግን ሙሉ ኮምፒውተርን በፕሮግራም አስመስሎ ይሠራል፤ ቢበላሽ ዘግቶ መክፈት ነው። ኬሙም፣ ናዝም የተባለው አሰምብለርም፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ ኔትወርክ አይጠይቁም፤ ከሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወደ ዱራሜ በፍላሽ ይሄዳሉ።

አዘገጃጀቱ ላይ ግን ከተለመደው እለያለሁ። ብዙ መመሪያዎች ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ከሚሠራበት ሲስተም ለተለየ ማሽን ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ኮምፓይለር፣ በመገንባት ይጀምራሉ። ምክንያታቸው ልክ ነው፤ የሊኑክስ ጂሲሲ ከሥሩ ሊኑክስ አለ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ግንባታው በአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ይፈጃል፤ ተማሪው አንዲት ፊደል እንኳ ሳያይ ይሰለቻል። አሰምብለርና ኬሙ ይቅደሙ፤ የመጀመሪያው ልምምድም «ሀ»ን በእጅ መሣል ይሁን፦ 16 መስመር፣ በየመስመሩ 8 ነጥብ፣ በድምሩ 16 ባይት። 231ዱም ሲሣሉ 3,696 ባይት ይሆናሉ። ማሽኑ ሲነሣ በራሱ የሚያነበው የዲስክ ክፍል 512 ባይት ብቻ ስለሆነ ለፊደል ገበታው አይበቃም፤ ተማሪው ቀሪውን ከዲስክ ማንበብ ሊማር ነው።