ፋይቶኬሚካል በአማርኛ፦ «ዕፅዋታዊ ውሕድ»

ፋይቶኬሚካል የሚባሉት ዕፅዋት ከተባይ፣ ከሻጋታና ከጠራራ ፀሐይ ራሳቸውን ለመከላከል በውስጣቸው የሚሠሯቸው ነገሮች ናቸው። ለነጭ ሽንኩርት ሽታውን፣ ለካሮት ቀለሙን፣ ለጎመን መራራነቱን የሰጡት እነሱ ናቸው። ሰው ሲመገባቸው ለጤናው እንደሚበጁ ስለሚነገር ስማቸው እየተደጋገመ መጥቷል፤ «የአትክልት ኬሚካል» የሚለው ትርጉምም አብሮ እየተሰራጨ ነው።

ትርጉሙ ወረቀት ላይ እንከን የለበትም፤ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትመርጥ ሴት «ኬሚካል አለበት» ከተባለች ያነሣችውን መልሳ ታስቀምጣለች። በዕለት ተዕለት አማርኛ ኬሚካል የሚረጭ ነገር ነው። «የአትክልት ኬሚካል በሽታ ይከላከላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ፀረ ተባይን ለማዕድ የሚጋብዝ ይመስላል። «አትክልት»ም ጠባብ ነው፤ በግእዝ የ«ተክል» ብዙ ቁጥር ሲሆን ዛሬ ግን ጎመንና ድንች ላይ ቆሟል። ቡናና ጤና አዳም ከስሙ ውጭ ይቀራሉ።

«የዕፅ ንጥረ ነገር» የሚለው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሰናክላል። «አደንዛዥ ዕፅ» ከተለመደ ወዲህ ነጠላው «ዕፅ» ፖሊስ ያስጠራል፤ ብዙ ቁጥሩ «ዕፅዋት» ግን ስሙ አልጎደፈም። «ንጥረ ነገር» ከነጠረ ቅቤ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ወደ ሌላ ለማይከፋፈለው ነገር የሰጡት ስም ነው። «የዕፅዋት ቅመም» የሚለው አማራጭ ከሁሉ ይማርካል፤ «መድኃኒት ቀማሚ» ከዚያው ግስ ወጥቷልና። ነገር ግን ቅመም ሲባል ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይቀድማሉ።

የሚሻለው «ዕፅዋታዊ ውሕድ» ነው። ውሕድ ከ«ተዋሐደ» የወጣ ነው። በብሮኮሊ የሚገኘው ሰልፎራፌን ካርቦን፣ ሃይድሮጂን፣ ናይትሮጂን፣ ኦክስጂንና ድኝ የተዋሐዱበት ነው፤ አምስት ንጥረ ነገር ይዞ ራሱ ንጥረ ነገር ሊባል አይችልም። አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው «ውሁድ» በግእዝ «ጥቂት» ማለት ከሆነው «ውሑድ» ጋር ይምታታል፤ «ውሑዳን» አናሳዎች ናቸው። ሐ በሳድስ ተጽፎ «ውሕድ» ሲባል ከተዋሕዶ ጋር ያለው ዝምድና ይታያል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። የሰናፍጭ ዱቄት ደረቅ ሳለ ብዙም አይሸትም፤ በውሃ ሲለወስ ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። በፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ዕፅዋታዊ ውሕድና እሱን የሚሰነጥቀው ኢንዛይም ተለያይተው ተቀምጠዋል። ፍሬው ሲደቅና ውሃ ሲያገኝ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚያቃጥለው ዘይትም ያኔ ይወለዳል። «ሰነፈጠ» የሚለው ግስ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይዞ ኖሯል።

ሰልፎራፌንም የሚወለደው በዚሁ መንገድ ነው። ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1992 እ.ኤ.አ. ከብሮኮሊ ለይተው አወጡት፤ መርዛማ ነገሮችን የሚያመክኑትን የሕዋስ ኢንዛይሞች እንደሚቀሰቅስም አሳዩ። ሰንጣቂውን ኢንዛይም ብዙ ሙቀት ስለሚያጠፋው፣ የተከተፈው ብሮኮሊ ድስት ከመግባቱ በፊት ጥቂት ቢቆይ ውሕዱ አስቀድሞ ይፈጠራል።

«ዕፅዋታዊ ውሕድ» በተክሉ ውስጥ ላለው ስም እንጂ ለእንክብል ማሻሻጫ ሊሆን አይገባም። ለካሮት ብርቱካናማነት የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን በፊንላንድ ከ29,000 በላይ ወንድ አጫሾች በተሳተፉበት ሙከራ በእንክብል ተሰጥቶ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት ይልቅ በዝቶ ተገኘ።