ከሚሞት ሰው ጋር ስለ መትጋት

ጌታችን በተያዘባት ሌሊት በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ለይቶ ወስዶ ከእርሱ ጋር ይተጉ ዘንድ እንደ ለመናቸው ማቴዎስ በምዕራፍ 26 ጽፏል። ልመናው እጅግ ትንሽ ነበረ። ጽዋውን እንዲያነሡለት ወይም በእርሱ ፈንታ እንዲጠጡት አልጠየቃቸውም፤ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ባዘነችበት ሰዓት የፈለገው ነቅቶ አጠገቡ የሚቈይ ሰው ነው። እነርሱ ግን አንቀላፉ። ስለ ምን አንቀላፉ ቢሉ፥ ማቴዎስና ማርቆስ ዓይናቸው ከብዶ እንደ ነበረ ይናገራሉ፤ ሉቃስ ግን በምዕራፍ 22 ምክንያቱን ሲገልጥ ከኀዘን የተነሣ እንደ ሆነ ይጽፋል። ሉቃስ ሐኪም ነበረና ይህን እርሱ መጻፉ ያለ ነገር አይመስልም። የሚወዱትን ሰው ሲጨነቅ አይቶ መርዳት ያቃተው ሰው ልቡ ይደክማል፤ የደከመ ልብም መሸሻ ይፈልጋል፤ አንዱ በእንቅልፍ ይሸሻል፥ ሌላው በሥራ ብዛት፥ ሌላው በሩን ዘግቶ በመሄድ።

መትጋት የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንድም ሳይተኙ መቈየት ነው፥ ስለዚህ መላእክት ትጉሃን ይባላሉ፤ አንድም በሥራ አለመታከት ነው። በሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ ሁለቱ ፍች አንድ መሆናቸውን በእንግሊዝ አገር የነበረች የአንዲት ሴት ታሪክ ያስረዳል።

ለእንግዳና ለድውይ ቤት መሥራት የቈየ የክርስቲያን ሥራ ነው፤ ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ በቂሳርያ ከተማ ዳር በ370 ዓመት ገደማ ለድሆች፥ ለመንገደኞችና ለለምጻሞች ያሠራው ቤት የታወቀ ነው። ፈረንጆች ሆስፒስ የሚሉት ስም ከላቲን የወጣ ሲሆን እንግዳ መቀበያ ማለት ነው፤ ሞት ለቀረባቸው ሕሙማን ማረፊያ ስም የሆነው ግን በኋላ ዘመን ነው። (ከዚህ የሚከተለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) በሊዮን ከተማ ዣን ጋርኒዬ የምትባል ባሏንና ሁለት ልጆቿን የቀበረች ሴት በ1842 እንደ እርስዋ ያሉ መበለቶችን ሰብስባ የማይድን ደዌ የያዛቸውን ማስታመም ጀመረች። ደቀ መዛሙርቱን ያስተኛ ኀዘን ይህችን መበለት ቀሰቀሳት። በአየርላንድም ሜሪ ኤክንሄድ የመሠረተችው የደናግል ማኅበር እርስዋ ባረፈችበት በደብሊኑ ቤት በ1879 ሆስፒስ ከፈተ፤ የዚሁ ማኅበር እኅቶች በ1905 በምሥራቅ ሎንዶን በድሆች ሰፈር በቅዱስ ዮሴፍ ስም ሌላ ቤት አቆሙ።

ሲሲሊ ሳንደርስ በ1918 ተወለደች። በኦክስፎርድ ስትማር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፥ ትምህርቷንም አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። ነገር ግን ጀርባዋን ስለ ታመመች ከዚያ ሥራ ለመውጣት ተገደደች፤ ወደ ኦክስፎርድም ተመልሳ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ በሆስፒታል የሕሙማንን የኑሮ ችግር የምትመለከት ሠራተኛ ሆነች። በ1947 ከሕሙማኑ መካከል ዳዊት ታስማ የሚባል የዋርሶ አይሁዳዊ አገኘች። በሎንዶን በምግብ ቤት አሳላፊነት ያደረ፥ ዕድሜው 40 ዓመት የሆነ፥ ዘመድ የሌለው ስደተኛ ነበረ፤ ሐኪም ሊቀድደው የማይችል ካንሰር ይዞት ነበር። እርሱን እያዘወተረች ትጠይቀው ጀመር። ታስማን ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀው በዓለም ላይ አንዳች ነገር ሳይሠራ፥ ስሙን የሚያስጠራ ሳይተው መሞቱ ነበረ።

አንድ ቀን የሚያጽናናው ነገር እንድትነግረው ለመናት። እርስዋም እግዚአብሔርን እረኛ ብሎ የሚጠራውን መዝሙር (በግዕዝ ቍጥር 22ኛውን) በቃሏ አለችለት። እንድትጨምርለት ቢለምናት ከመጽሐፍ ላንብብልህ ብትለው እንቢ አለ፤ የሚፈልገው በአእምሮዋና በልቧ ያለውን ብቻ እንደ ሆነ ነገራት። ወደ ቤቷም ተመልሳ ሌላ መዝሙር በቃሏ አጠናች። ዳዊትን ከልጅነት ጀምሮ በቃል የሚደግም ሰው የዚህን ነገር ክብደት ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ መጽሐፍ በታማሚውና በጠያቂው መካከል እንደ መጋረጃ ሊቆም ይችላል፥ በልብ ያደረ ቃል ግን መጋረጃ የለውም።

ስለሚሞቱ ሰዎች የሚሆን ቤት ከእርስዋ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በየካቲት 1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፤ ለምትሠሪው ቤት እኔ መስኮት እሆናለሁም ብሏት ነበረ። ቤቱ ገና አልነበረም፥ ቦታም ገንዘብም አልነበረም፤ መስኮቱ ግን ተሰጠ። ግድግዳው በዙሪያው እስኪቆም ድረስ 19 ዓመት ፈጀ።

ከዚህ ላይ የትጋት ሁለተኛው ፍች ይገለጣል። ሳንደርስ ማታ ማታ በሎንዶን በቅዱስ ሉቃስ ስም በተሠራ፥ በ1893 በተከፈተ የሚሞቱ ድሆች ቤት ያለ ደመወዝ ታገለግል ነበር። በዚያም አንድ ነገር አየች። በሌሎች ሆስፒታሎች ታማሚው ሕመሙ ተመልሶ እስኪያስጮኸው ድረስ ማስታገሻ አይሰጠውም ነበረ፤ በዚህ ቤት ግን ሞርፊን በአፍ በተወሰነ ሰዓት፥ ሕመሙ ሳይመለስ ይሰጥ ነበር። ሕመሙን አስቀድሞ መጠበቅ፥ ሌባ የሚመጣበትን ሰዓት እንደሚያውቅ ባለቤት መንቃት ነው። ወደ አስታማሚነት ልትመለስ ባሰበች ጊዜ ኖርማን ባሬት የሚባል ቀዳጅ ሐኪም፥ የሚሞቱትን የሚተዋቸው ሐኪሞች ናቸውና ሐኪም ሁኚ ብሎ መከራት። ይህን የተናገረ ራሱ ሐኪም መሆኑ ምስክርነቱን ያከብደዋል። ማዳን ሞያው የሆነ ሰው ማዳን ባቃተው ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ብሎ ከአልጋው ይርቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጭካኔ አይደለም፥ ሉቃስ የጻፈው እንቅልፍ ነው እንጂ።

በ1951 በ33 ዓመቷ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጣ ሕክምና መማር ጀመረች፥ በ1957ም ፈጸመች። በተከተለው ዓመት ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ቤት ገባች። የዚያ ቤት እኅቶች ርኅራኄ የሞላባቸው ነበሩ፥ ነገር ግን መድኃኒቱን በሰዓት መስጠትና የእያንዳንዱን ታማሚ ነገር መዝግቦ መያዝ ገና አልተለመደም ነበር፤ እርስዋ ይህን ጨመረች። በዚህ ሰባት ዓመት ከሕሙማን አፍ እየሰማች የጻፈችው ብዙ ነው። የሚሞት ሰው ሕማም የሥጋ ብቻ እንዳይደለ፥ የልብ ጭንቀት፥ የቤተ ሰብና የኑሮ ሐሳብ፥ የነፍስም ጥያቄ በአንድነት እንደ ተጠመጠሙበት ያስተማረችው ከዚያ ተነሥታ ነው። በ1960 በዚያው ቤት እጅግ የወደደችው አንቶኒ የሚባል ሌላ የፖላንድ ሰው ሞተባት፤ ኀዘኗም ረጅም ነበረ፤ ሥራውን ግን አልተወችም።

ቤቷ በ1967 በደቡብ ሎንዶን በሲደንሃም ተከፈተ፤ 54 አልጋ ነበረው። መንገደኞችን ወንዝ ያሻግር ነበር በሚባለው በቅዱስ ክሪስቶፎር ስም ተሰየመ። በ1969ም ሠራተኞቹ ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ ማስታመም ጀመሩ። ይህ የሰዓት ሥርዓት ከዚያ ወደ ብዙ አገር ደረሰ፤ በዩጋንዳ አን ሜሪማን የምትባል ሐኪም በ1993 በካምፓላ ሆስፒስ መሥርታ የሞርፊን ዱቄት በውሃ እየተበጠበጠ በትንሽ ዋጋ ለድሆች እንዲደርስ አደረገች፥ በ2004ም የዚያ አገር ሕግ ለዚህ የተማሩ አስታማሚዎች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ከሩቅ የሚያይ ሰው፥ ቀን ከቀን ሞትን እያዩ እንደምን ይቻላል? ይላል። ሳንደርስ ለዚህ የሰጠችው መልስ ወደ ጌቴሴማኒ ይመልሳል። የቤቷ መሠረት ጌታችን በዚያች ሌሊት የለመነው ልመና እንደ ሆነ በ1965 ጽፋለች፤ ትርጓሜውም መከራን ማስረዳት ወይም ማራቅ ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ በዚያ መገኘት ነው አለች። ስለዚህ በዚህ ሥራ የጸና ሰው ጉልበቱን ከድል ተስፋ አያመጣም፤ ድሉ እንዳልተሰጠው ከመጀመሪያ ያውቀዋልና። የሚያነሣሣው ከአልጋው የሚቀበለው ነው፤ አንዱ ታማሚ የልቧን ቃል ጠየቃት፥ ዳዊትን በቃሏ አጠናች፤ ሌሎቹ በሕመም ጮኹ፥ ሕክምና ተማረች። መሥራቾቹ ሕሙማኑ ናቸው ማለቷም ከትሕትና ብቻ የመጣ አይደለም፥ የታሪኩ አካሄድ እንዲሁ ነውና።

የታስማ መስኮት በዚያ ቤት መቀበያ አለ፤ ሥዕል የሌለበት ጥርት ያለ መስተዋት ነው። ሲሲሊ ሳንደርስ ካንሰር ይዟት በ2005 በ87 ዓመቷ በዚያው በሠራችው ቤት አረፈች፤ ሌሎችን እንዲያስታምሙ ያስተማረቻቸው እርስዋንም አስታመሟት።