የጨረቃ ግርዶሽ፣ ቂብላና የአውሮፕላን መንገድ



ለዑምራ ትኬት የቆረጠ ሰው ከቦሌ እስከ ጅዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስልኩን ቢጠይቅ ወደ 1,410 ይለዋል። ይህን በወረቀትም ማግኘት ይቻላል። ሁለቱ ኤርፖርቶች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ ጅዳ ደግሞ 21.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ልዩነቱን 12.7 በ111 ኪሎ ሜትር ማባዛት ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ቢበር 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። መነሳትና ማረፉ ሲጨመር ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል።

ከተሞቹ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲራራቁ ግን ነገሩ ይከብዳል። ኬክሮስን ከፀሐይ ከፍታ ማወቅ ይቻላል። ኬንትሮስን ለማወቅ ግን በሁለቱ ከተሞች በአንድ ቅጽበት ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስልክ በሌለበት ዘመን ይህ እንዴት ይሆናል?

በ997 አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ባለችው በካስ ከተማ ነበር፤ ገና 23 ወይም 24 ዓመቱ ነው። ባግዳድ ካለው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ከአቡል ወፋእ አል-ቡዝጃኒ ጋር አንድ የጨረቃ ግርዶሽ ለመከታተል ተስማሙ። የጨረቃ ግርዶሽ ለሚያዩት ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆነው። ሁለቱም የየከተማቸውን ሰዓት መዘገቡ፤ ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ሆነ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር 1 ሰዓት ማለት 15 ዲግሪ ነው። የዛሬው ካርታ 16.5 ገደማ ይላል።

ቢሩኒ በዚህ አላበቃም። ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ላለችው ለጋዝና ቂብላ ለማውጣት ሲል ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ የጨረሰው በ1025 ነው። ከባግዳድ እስከ ጋዝና ያለውን የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ከከተማ ከተማ እየቆጠረ፣ ለመንገዱ ጥምዝምዝ እየቀነሰ፣ በሉል ላይ በሚሠራ የሦስት ማዕዘን ሒሳብ አሰላው። የሁለቱ ከተሞች የኬንትሮስ ልዩነት ከ24 ዲግሪ ትንሽ በለጠለት። ትክክለኛው 24 ነው። በግመል እርምጃ ከተለካ መንገድ!

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልገንም። የሉል ጂኦሜትሪው ከግሪክ፣ ሳይን የሚባለው ከሕንድ ነው የመጣው። ቢሩኒም ከማንም መማርን አልናቀም፤ ሳንስክሪት ድረስ ተምሯል። ሙስሊሞቹ የጨመሩበት ግን ብዙ ነው፤ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱም በቀን 5 ጊዜ ወደየት እንደሚዞሩ በትክክል የማወቅ ፍላጎት ነበር።

ዋሽንግተን ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረው ሲሰግዱ አይታችሁ ይሆናል። በጠፍጣፋ ካርታ ካያችሁት መካ ከእነሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ናት። በሉል ላይ ከዋሽንግተን መካ ክር ወጥራችሁ ሞክሩት፤ ክሩ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል። አብራሪም ነፋስና የአየር ክልል ካላስቀየሩት በስተቀር ያንኑ ክር ነው የሚከተለው።