ከጦር ሜዳ ወደ ቡና ሜዳ

የኢጣልያ ጦር በ1929 ዓ.ም. ጅማን ከያዘ በኋላ ከተማይቱን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ማእከል አደረጋት፤ ለአየር ኃይሉም ሜዳ አበጀ። ሜዳው የወራሪው መሣሪያ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት የታሰበ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ተራው ተለወጠና የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች እየተመላለሱ ደበደቡት፤ ሰኔ 14 ቀንም ጅማ ከኢጣልያ እጅ ወጣች።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው 5 ሲ-47 አይሮፕላኖችም ከጦርነቱ የተረፉ የአሜሪካ ወታደራዊ ማጓጓዣዎች ነበሩ። መንገደኛው ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መካከሉን ጭነት ይይዘዋል። ለወታደርና ለጥይት የተሠራው ሆድ በዚህ አኳኋን የጅማን ቡና ተቀበለ።

ከጅማ ወዲያ ላሉት ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒ፣ ለማጂና ለጎሬ ነገሩ ከንግድም በላይ ነበር። ዝናቡ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሆነ ጭቃው በቅሎንም መኪናንም ያግዳል። ሲ-47 ግን አጭር የሣር ሜዳ ይበቃዋል። እርግጥ አየሩም የራሱን ቀረጥ ይጠይቃል፤ በ1,700 ሜትር ከፍታና በ25 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ስለዚህ 3 ቶን ያህል ሊሸከም የሚችለው አይሮፕላን ጥቂት ጆንያ ትቶ መነሣት ይኖርበታል። ደግነቱ የቡናው ለቀማ በአመዛኙ ሜዳው በሚደርቅበት ወራት ይውላል።

አይሮፕላኑ አገሩን አቀና ማለት የተለመደ ነው፤ ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው። የበረራውን ወጪ ያቃለለው ቡናው ነበር። ደብዳቤው፣ መድኃኒቱ፣ አስተማሪውና በቃሬዛ የመጣው በሽተኛ በቡናው ትከሻ ተጓዙ። የትኛው ሜዳ አገልግሎት እንደሚያገኝም የወሰነው የሕዝቡ ችግር ብቻ ሳይሆን የጆንያው ብዛት ጭምር ነበር።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ትዊን ኦተር የተባለው አነስተኛ አይሮፕላን አገልግሎቱን ተቀላቀለ። በዚያው ዘመን በበበቃና በቴፒ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ይስፋፉ ነበር፤ መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ ግን ምርቱን የጭነት መኪና ወሰደው። ቡናው ሲለይ ትናንሾቹ ሜዳዎች ደጋፊያቸውን አጡ፤ የሚዛን ተፈሪና የቴፒ የቀድሞ መደበኛ በረራዎችም ከጊዜ በኋላ ተቋረጡ። በሽተኛውም ጅማ ለመድረስ ቡናውን ተከትሎ በመኪና መንገዱን ያዘ።