ጥድ የጻፈው ታሪክ

ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን ንጉሡ የት እንደ ዘመተ፣ ማንን እንደ ሾመ አሳምረው ጽፈውልናል። ዝናብ የጠፋበትን ዓመት ግን ችጋር ሆነ ብለው ያልፉታል። የቀረው በልጉ ነው ክረምቱ? ስንት ዓመትስ ተከታተለ? የዚህን መልስ በየደብሩ ቅጥር ግቢ የቆመው ጥድ ይዞት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ጥሩ በሆነ ዓመት ጥዱ ሰፋ ያለ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናቡ ሲያጥር ቀለበቱ ይቀጥናል፤ ድርቁ ከጠና ደግሞ በግንዱ አንድ ጎን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ባለሙያዎች ዛፉን ሳይቆርጡ በመሰርሰሪያ እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና አውጥተው ይቆጥሩታል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ200 ዓመት ወደ ኋላ የሚወስዱ ጥዶች ተነብበዋል። በልግና ክረምት ተለያይተው በሚዘንቡበት አካባቢ ግን ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራና ቆጣሪውን ሊያሳስት ይችላል። የብዙ ዛፎች ቀለበት ጎን ለጎን የሚነጻጸረውም ለዚህ ነው።

ምን ያደርግልናል? ክፉ ቀን የምንለውን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ዘመን እንውሰድ። የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው፤ በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረበት፤ ዝናቡም ጠፋ። ከዚህ ሁሉ የሰማዩ ድርሻ ስንት ነበር? የሰው ትረካ ሁሉንም አንድ ላይ ቋጥሮ ነው የሚያስረክበን፤ ዛፉ ግን የሚመሰክረው ስለ ዝናቡ ነው። የ1965 እና የ66ቱ የወሎ ረሃብ ተደበቀ፣ የ1977ቱ በጦርነት መካከል መጣ፤ ሁለቱም ጊዜ ሰማዩ ተወቀሰ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም ብለው የተከራከሩት ወደው አይደለም። ቀለበቱ ምን ያህል እንደ ዘነበ ይነግረናል፤ እህሉን ማን እንደ ያዘው፣ መንገዱን ማን እንደ ዘጋው ግን ሌላ ምስክር ይጠራ።

ምስክሩ ራሱ እያለቀ መሆኑ ነው ጉዱ። በትግራይና በአፋር ድንበር ባለው የደስአ ደን፣ በቆላው ወገን፣ ጥድና ወይራ እንደ ቆሙ ደርቀዋል። በ1992 ዓ.ም. ድርቁ ያደረቀውን የባሌንና የቦረናን ደን እሳት ገብቶበት ከ100,000 ሄክታር በላይ ወድሟል።

ከተማውስ? አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈታ ስትል ባሕር ዛፍ ደረሰላት፤ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ውለታ ነው። የዛሬው የመንገድ ዳር ዛፍ ግን ዝናብ በጠገበ ዓመትም ይጠማል። ውኃው ከአስፋልቱ ላይ ወደ ቦይ ይሮጣል እንጂ ወደ ሥር አይወርድም፤ አፈሩም ተረግጦ ደንድኗል። ለቱቦ ሲቆፈር ሥሩን ይበጥሱታል፤ ከዚያ አንድ የክረምት ንፋስ መጥቶ የመብራት ሽቦ ላይ ሲጥለው ዛፉ አርጅቶ ነው ይባላል።

አሮጌ ጥድ ለቤት ሥራ ወይም ለምሰሶ መቆረጡ ካልቀረ፣ ቢያንስ አንድ ክብ ቁራጭ ከነቅርፊቱ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ቅርፊቱ ከተላጠ የመጨረሻው ቀለበት የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።